አልሰማ ያለችው መኪና

ኅዳር 14 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤ «ምራቴ» ማለቱ አፌ ላይ አይመጣልኝም፣

እንዴት ሰነበታችሁ? አንቺስ፣ ልጆቹስ፣ ትልቁስ፣ ትንሿስ? ደረቷ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬን ለክላክስ ገብሬዋለሁ። ዕድሜ ልኬን የሰው መኪና ጥሩምባ ስሞክር ኖሬ አሁን ሰው ሲያናግረኝ ከንፈሩን ነው የማየው። ስልክ ደግሞ ከንፈር የለውም። ስለዚህ መጻፍሽ ትክክል ነው፤ «በዚህ ዘመን ደብዳቤ» ብለሽ አትፈሪ።

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። መኪናዋ በሪሞት አልነሳ ማለቷን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ የተሰደብኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ያንን ዕቃ ትንሿ የተወለደች ጊዜ እናንተ ደጅ መሬት ላይ ተጋድሜ፣ ጭንቅላቴን ከመሪው ሥር ከትቼ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሐኪሙ «ሕፃኗን ብርድ እንዳይነካት» ሲል ሰምቼ ነው። እናቷ ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆማ ቁልፍ ትጫን፣ ሞተሩ ይነሳ፣ ልጅቷን አቅፋ ደረጃውን እስክትወርድ መኪናዋ ትሙቅ ብዬ። ስንት የባለሥልጣን መኪና ሠርቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን ግን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም።

አሁን አትቸኩዪ። ሰፈሩ «ጋሽ ፊውዝ» የሚለኝ በከንቱ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ሞተር ሲፈታ እኔ መጀመሪያ ትንሿን ነገር ነው የማየው። በመጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ቀይሪ። ጀርባውን በሳንቲም ብትፈለቅቂው ይከፈታል፤ ባትሪዋ የሰዓት ባትሪ የመሰለች ክብ ነገር ናት። ከዚያ ኮፈኑ ግጥም ብሎ መዘጋቱን እዪ። ኮፈኑ የተከፈተ ከመሰላት በሪሞት አትነሳም፤ ሞተር ውስጥ እጁን የከተተ ሰው እንዳይቆረጥ ተብሎ ነው። ማርሹም ፓርኪንግ ላይ ይሁን። ይህን ሁሉ ካደረግሽ በኋላ በሪሞቱ በሩን ቆልፊውና ይቆለፍ እንደሆነ ጻፊልኝ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ልጄ የት ሄዶ ነው አንቺ በዚህ ሁሉ የምትቸገሪው? ይህን ሥራ አጠገቤ ቆሞ መብራት እየያዘልኝ አይቶታል። እሱ ይየው እንጂ።

አባትሽ

ኅዳር 25 ቀን

ለውድ አባባ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ አብራኝ የምትሠራው ወልዳ የሷንም ፈረቃ የምሸፍነው እኔ ነኝ። እኛ ደህና ነን። ትንሿ ብቻ ትንሽ ትንሽ ያስላታል። ጠዋት ጠዋት አመዳዩ የፊት መስታወቱ ላይ እንደ ጨው ይጋገራል፤ እኔ ውጭ ቆሜ ስፍቀው እሷ ከኋላ ተቀምጣ ትንቀጠቀጣለች። ያስቸገርኩዎ ለዚህ ነው።

ያሉኝን ሁሉ አደረግሁ። ባትሪውን ቀየርኩት፤ የሪሞቷ ቀይ መብራት አሁን ከድሮው ደመቅ ብላ ትበራለች። መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ኮፈኑን ከፍቼ እንደገና በደንብ ዘጋሁት። ማርሹም እንዳሉት ነው። በሩ ግን አይቆለፍም፤ እስካሁን በቁልፍ ነው የምቆልፈው። የግቢው ዘበኛ ከመስኮት እጄን ወደ መኪናዋ ዘርግቼ ስጫን አይቶ፣ «እትዬ፣ ዝንብ ነው የሚያባርሩት?» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ።

ስለ እሱ ለጠየቁኝ፣ ደህና ነው። ፊልድ ይበዛበታል። ሰሞኑን የሚቀይሱት መንገድ ሩቅ ስለሆነ ቅዳሜና እሑድም መኪናዋን ይዞ ይሄዳል፤ የመሥሪያ ቤቱ መኪና ተበላሽቷል ብሎኛል። ሲመለስ ይደክመዋል። ስለ ሪሞቱ ሳነሳበት «ቁልፍ አለሽ አይደል?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ቁልፍ አለኝ።

በፖስታው ጀርባ በእርሳስ የጻፏትን «ከፍቶሻል እንዴ?» የምትል ጥያቄም አይቻታለሁ። አልከፋኝም። ሌላ ጊዜ እንጫወታለን።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለልጄ፣

«አልከፋኝም» ስትይ ፊደልሽ ወደ ግራ አጋድሏል። ይሁን፣ አላስጨንቅሽም። እዚህ አዲስ ወሬ የለም። ጎረቤቴ ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘጋ፤ ሰው ሁሉ ሰዓቱን ከስልኩ ሲያይ ለማን ልሥራ ብሎ። ሥራ የፈታን ሁለት ሽማግሌዎች ግድግዳ ተደግፈን ፀሐይ እንሞቃለን። እሱ ያወራል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ምን እንዳለኝ የማውቀው ሲስቅ ብቻ ነው።

በሩ አለመቆለፉ ብዙ ነገር ነግሮኛል። ኮፈኑም ማርሹም ነፃ ወጥተዋል። ችግሩ ሞተር የማስነሳት አይደለም፤ መኪናዋ ድምፅሽን አልሰማችም ማለት ነው። ወይ ሪሞቱ ዲዳ ሆኗል፣ ወይ እሷ እንደ እኔ ደንቁራለች።

ከፊት መስታወቱ አናት ላይ፣ ከኋላ ማያዋ መስተዋት ጀርባ፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ጥቁር ነገር ለጥፌያለሁ። የመኪናዋ ጆሮ ማለት እሷ ናት። ሽቦዋ ተነቅሎ እንዳይሆን እዪ። ከዚያ እሱ ሲመጣ የራሱን ሪሞት ከመስኮት ይጫነው። በሱ ከተነሳች ትሰማለች ማለት ነው፤ ካልተነሳች ነገሩ ከጆሮዋ ነው። ሪሞቶቹ እንዳይምታቱባችሁ የሱ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠምጥሜ ነበር፣ ያንቺ ባዶውን ነው። ተቀያይረው እንደሆነም አጣሪ።

ሌላም ከወትሮው የተለየ ያየሽው ነገር ካለ ሳትንቂ ጻፊልኝ። በዚህ ሙያ ሰው «ይቺማ ምን አላት» ብሎ የዘለላት ናት ኋላ የምትገኘው።

አባትሽ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ለውድ አባባ፣

እንደምን ከረሙልኝ? ትናንት መጣ። ጫማውን ሳያወልቅ ሪሞቱን ከኪሱ እንዲያወጣ ለመንኩት። መስኮቱን ከፍቶ ተጫነ። አንዴ ነው የተጫነው አባባ፤ ፍሬቻው በራ፣ ሞተሩ ጉርርር አለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። «የእናትሽ ጣት ነው እንጂ መኪናዋስ ምንም አልሆነች» አላት ትንሿን። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

በእኔ ግን አሁንም የለም። ሪሞቶቹ አልተቀያየሩም። የሱ ያው ቀይ ፕላስተር ያለበት ነው፤ አርጅቶ ጠቆረ እንጂ። የጆሮዋም ሽቦ እንዳለ ነው።

«አባትህ ይጨነቃሉ፣ አንድ ደብዳቤ ጻፍላቸው» ስለው «ለሪሞት ደብዳቤ? ሁለታችሁም ሥራ ፈታችኋል» አለኝ። ይህን ስጽፍልዎ ቅር እንዳይልዎት፤ ደክሞት ነው።

ምንም ሳትንቂ ስላሉኝ እንጂ ይህኛውስ ከሪሞት ጋር አይገናኝም። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ ስገባ የሹፌሩን ወንበር ወደ መሪው ተጠግቶ አገኘዋለሁ። ጉልበቴ ይጋጫል። እኔ ከሱ በጣም አጥሬ እንኳ ያን ያህል አላስጠጋውም። ጠይቄው «መኪና አጣቢው ይሆናላ» አለኝ።

የትንሿ ሳል አልለቀቃትም። እስኪ ምን ይላሉ፣ መኪናዋስ ምን ሆና ነው?

ልጅዎ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ቅዝቃዜው ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ብርድ ሲበዛበት ያውቀው የነበረውን ሪሞት አንዳንዴ ይረሳል። ሌላ ነገር የለውም። ለማንም ኤሌትሪሺያን አታሳዪው፣ ያበላሹብሻል። ጉልበቴ ሻል ሲለኝ ራሴ መጥቼ እሠራዋለሁ።

እስከዚያው ትንሿን ሻርፕ አልብሽልኝ። ልጄን ይጻፍልኝ በይው። ወይም ይምጣ። ይምጣ በይው።

አባትሽ

ጥር 5 ቀን

ይድረስ ለአማቴ፣

ጤናዎን እመኛለሁ። «ይምጣ» ያሉትን ነግሬዋለሁ።

አታሳዪ ያሉኝን አሳይቻለሁ። ትንሿ ብርዱ ሳንባዋን ነክቷት ሆስፒታል ተኝታ ከረመች። እንዳይደነግጡ ብዬ አልጻፍኩልዎም ነበር። ከወጣች በኋላ የእርስዎ ጉልበት እስኪሻለው መጠበቅ አልቻልኩም፤ መኪናዋን ከምሠራበት ክሊኒክ ጀርባ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ኤሌትሪሺያኑ ከመሪው ሥር ገብቶ ብዙ ቆየና «ይህን ያስገባው ሰውዬ ባለሙያ ነው፤ አንድ ሽቦ እንኳ አልተንጠለጠለበትም» አለ። ኮራሁብዎ። «አማቴ ናቸው» አልኩት።

«ብርድ አስረስቷት ነው አሉ» ስለው ሳቀ።

«ብርድ? እህቴ፣ ይሄ ዕቃ በረዶ ውስጥ ቢቀበር አይረሳም። የሚረሳው ሰው አዲስ ሪሞት ሲያስተምረው ነው። ያን ጊዜ አብሮ ያልቀረበውን ይሰርዘዋል።»

«አሁንስ ስንት ያውቃል?»

ሪሞት የሚተዋወቅባትን፣ እርስዎ ከመሪው ሥር የደበቋትን ትንሽ ቁልፍ ፈልጎ አገኛትና ነካካት። ፍሬቻው ሁለት ጊዜ ብልጭ አለ። «ሁለት» አለ።

«አንዱ የባለቤቴ ነው። ሁለተኛውስ?»

ጨርቅ አነሳና የጸዳ እጁን ይጠርግ ጀመር። «እሱን እኔ አላውቅም እህቴ። ያንቺን ላስተምረው? ያን ጊዜ ግን እነሱ ይሰረዛሉ።»

«ይቆይ» አልኩት።

እቤት ስገባ ባለቤቴን መጠየቅ ያለብኝን ጠየቅሁት። የመለሰልኝን አልጽፍልዎም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር። ዘበኛው ያውቅ ኖሯል። መኪና አጣቢው ያውቅ ኖሯል። ትልቁ ልጄ እንኳ በመኪናዋ ውስጥ የሴት ጓንት አይቶ የእኔ መስሎት መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጦልኛል።

እርስዎም ያውቁ ነበር። ሌላው ሁሉ የሱ ሥራ ነው። «ቅዝቃዜው ነው» የምትለዋ ግን በእርስዎ እጅ የተጻፈች ናት።

ምራትዎ

ጥር 12 ቀን

ለልጄ፣

ትንሿ ሆስፒታል ተኝታ ስታቃስት እኔ እዚህ ግድግዳ ተደግፌ ፀሐይ ስሞቅ ነበር። ምን ብዬ ሰላምታ ልጻፍልሽ?

ለምን እንደዋሸሁ አልጠየቅሽኝም። ብትጠይቂኝ ይሻለኝ ነበር። በሱ ተነስታ ባንቺ አልነሳም ማለቷን ሳነብ ነገሩ ገባኝ። የወንበሩ ሲጨመርበት የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ያቺን የተደበቀች ቁልፍ ያለችበትን ቦታ የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን። ልጄ ነውና አፈርኩ። መጥቼ ጆሮውን ይዤ፣ ያንን ሪሞት ሰብሬ፣ አንቺ ምንም ሳታውቂ ሁሉን ወደ ቦታው የምመልሰው መስሎኝ ነበር። የተበጠሰ ሽቦ ይመስል ቀጥዬ የማልፈው መስሎኝ።

ማክሰኞ መጣ። ወንበር ሰጠሁት፣ አልተቀመጠም። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለኝ። «አልሰማሁም» አልኩት። ደገመው። «አልሰማሁም።» ጮኸ፤ «ሌላ ሴት አለችኝ አልኩህ!» ሰዓት ሠሪው ከነሚስቱ በራቸው ላይ ወጡ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ገና መጀመሪያ ከከንፈሩ አንብቤዋለሁ። ግን ጮክ ብሎ እንዲለው ፈለግሁ፤ ሰው እንዲሰማው ፈለግሁ።

«ሪሞቱስ ለምን አስፈለገ?» አልኩት።

«ብርድ አትችልም። መኪና ውስጥ ስትገባ ሙቆ እንዲቆያት ብዬ...» ብሎ አቋረጠው።

«የልጅህስ ሳንባ?»

«የእናቷ ሪሞት ይሰረዛል ብዬ አላሰብኩም» አለ። ከዚያ ተቆጣ። «አባባ፣ ያንተ ሙያ ሽቦ ነው። ሽቦህን ያዝ!» ብሎኝ ወጣ።

«የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ሲባል ስሰማ የሌላ ሰው ልጅ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እኔው ወልጄዋለሁ። ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ ነግሬዋለሁ።

አሁን ፍቀጂልኝና ልምጣ። ዕቃውን ከነሽቦው ነቅዬ ላውጣው፤ ወይም ያንቺን ብቻ አስተምሬው ሌላው ሁሉ ይሰረዝ። አንቺ እንደወደድሽ።

አባትሽ

ጥር 24 ቀን

ይድረስ ለአማቴ፣

ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ዘበኛው ነው። እኔና ልጆቹ አሁን እህቴ ቤት ነን።

መኪናዋን ትቼለት ወጣሁ። ነጥቋት ነው እንዳይሉ፤ ማንም አልነጠቀኝም። የወጣን ቀን ልብሳችንን ልጭን በሩን ስከፍት ወንበሩን እንደገና ከመሪው ሥር ተጠግቶ አገኘሁት። ወደ ኋላ ልገፋው እጀታውን ያዝኩና እጄ እዚያው ቀረ። እስከ መቼ ነው ሰኞ በመጣ ቁጥር ይህን ወንበር ስገፋ የምኖረው? በሩን ዘጋሁት። ቁልፉንም ሪሞቱንም ለዘበኛው ሰጥቼ ታክሲ ጠራሁ።

ነቅዬ ላውጣው ላሉኝ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ነውር እንደሆነ አላጣሁትም። ዓምና ቢሆን እጄ እሺ አይለኝም ነበር።

እንዴት እንዳስጮኹት የጻፉትን ለእህቴ አነበብኩላት፤ እስክታነባ ሳቀች። እኔን አላሳቀኝም። የእርስዎ ጎረቤቶች ነገሩን ከራሱ አፍ ሰሙት። እኔ ከማላውቀው ሰው፣ ጋራዥ ውስጥ፣ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ያ ሰው እንኳ ፊቴን አይቶ እውነቱን ነገረኝ። ባል ሌላ ሴት ቢወድ ዓለም ያየው ነገር ነው፣ እችለዋለሁ። አባቴ ግን ገና ሳልጠግበው ነው የሞተው። «አባባ» ስልዎ ለወጉ ብዬ አልነበረም።

አሁን አይምጡ። ትንሿ «አያቴስ?» ስትለኝ «ጉልበታቸውን አሟቸዋል» እላታለሁ። ይኸው፣ እኔም መዋሸት ጀመርኩ።

የልጆቹ እናት

መጋቢት 6 ቀን

ልጄ፣ ሌላ የምጠራሽ ቃል ስለሌለኝ፣

መልስ ጠብቄ አይደለም የምጽፈው። አንድ ነገር ሆኗል፤ ከሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔው እጅ ስሚው።

ባለፈው እሑድ የበልግ ዝናብ ባደረበት ማለዳ ያቺ መኪና በሬ ላይ ቆመች። አትምጣ ያልኩት መጣ። ከደጃፍ አላሳለፍኩትም። «በሪሞት አልነሳ አለች፣ ሦስት ጋራዥ አዳረስኩ። ያንተን ሥራ ካንተ በቀር የሚያውቀው ጠፋ» አለኝ እየጮኸ። «ሽቦዬን እንደያዝኩ ነኝ፣ ሂድ» ብዬ በሩን ልዘጋው ስል መኪናዋ ውስጥ ሰው አየሁ። ጉም የሸፈነውን መስታወት በእጅጌዋ ጠርጋ ታየኛለች።

ክፉ ፊት ይኖራታል ብዬ ነበር። ልጅ እግር ናት፣ አጭር፣ ዓይነ አፋር። ወጥታ እጅ ነሳችኝ። ያኔ ሆዷን አየሁት፤ ገፍቷል። አንድ ነገር አለችኝ፤ ከንፈሯ በብርድ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ማንበብ አልቻልኩም። ድገሚው አላልኳትም።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ኮፈኑ መዘጋቱን የሚነግራት ማብሪያ ዝጎ ኖሯል፣ ተዘግቶም የተከፈተ ይመስላታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጌ ቅባት ነካ አደረግሁት። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም። ሪሞቱን ተጫነችው፣ ሞተሩ ተነሳ። «አመሰግናለሁ» ስትል አየኋት። ልጄን ቀና ብዬ አላየሁትም። ቤት ግቡም አላልኩም።

አንቺን ረስቼ አይደለም። ሆዷ ውስጥ ያለው ምን አጠፋ አልኩ፤ እሱም የልጄ ልጅ ነው። ደግሞ ልክ ሠርቼ ስጨርስ፣ እንዲህ ሮጬ የሠራሁት ላንቺ ቢሆን ኖሮ ትንሿ አትታመምም ነበር አልኩ። ሲሄዱ እዚያው ደጄ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ሰዓት ሠሪው መጥቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ጎበዝ! ጆሮህ ቢደነቁር እጅህ አልደነቆረም» አለኝ። ልመታው ምንም አልቀረኝም።

የትንሿን ጤንነት በአንድ መስመር ብትጽፊልኝ።

የልጆችሽ አያት

መጋቢት 19 ቀን

ይድረስ ለልጆቼ አያት፣

ደብዳቤዎን መጀመሪያ ቀድጄ ልጥለው ነበር። እህቴ ከእጄ ወሰደችውና በማግስቱ መለሰችልኝ፤ ያኔ ዳግመኛ አነበብኩት።

ነፍሰ ጡር ሴት በዚያ ብርድ መልሰው ቢሆን አፍርብዎ ነበር። ስለሠሩላት ደግሞ አንጀቴ አሯል። የትኛው ልክ እንደሆነ አይጠይቁኝ፤ ሁለቱም አብረውኝ ያድራሉ። ግን ማንም ሳይጠይቅዎ በራስዎ እጅ ጽፈውልኛል። ይህን አልክድዎትም።

ትንሿ ተሽሏታል። ትምህርት ቤቷ ከእህቴ ቤት ቅርብ ስለሆነ በእግር ነው የምንሄደው፤ ዳገቷ ላይ ስትደክም ወንድሟ ቦርሳዋን ይይዝላታል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ አልጠየቁኝም። ደግ አደረጉ።

ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ እርስዎ ጋ ይመጣሉ። እህቴ በአውቶቡስ ታመጣቸዋለች። እኔ አልመጣም፣ በር ላይ ቆመው እንዳይጠብቁኝ። እዚያ እያሉ አባታቸው ይመጣ ይሆናል፤ ብቻውን ላይመጣ ይችላል። ለልጆቹ ሲል ያስገቡት፣ እኔም አልከለክልም። ያን ጊዜ ትልቁ ዝም አይልም። «ይቺ ማናት? ሆዷ ውስጥ ያለውስ የማን ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኔ ልነግረው ሞክሬ ነበር፤ ስጀምረው ወሬውን ወደ ቤት ሥራው አዞርኩት። አባቱም አይነግረውም።

እርስዎ ይንገሩት። ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ ፊቱን እያዩ ይንገሩት።

የልጆቹ እናት